ስም የተቀረጸባት የእጅ ባትሪ፦ ምን ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

አክስቴ ኪዳን ለማድረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች። መንገዱ ጨለማ ነው፤ የሰፈሩ ውሻም አይታመንም። ለገና አንዲት ጥቁር፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትወፍር የእጅ ባትሪ ገዛሁላትና ስሟን አስቀረጽኩባት። ስሰጣት መነጽሯን አደረገች፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ባትሪዋን አገላብጣ አየች። «ቆንጆ ናት፤ ግን አንተ ልጅ፣ ይቺ ሰናይት ማን ናት?» አለችኝ።

እሷ ስሟን የምትጽፈው በንጉሡ ሠ ነው። እኔ በእሳቱ ሰ አስጽፌያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድም ለጓደኛም ብዙ ባትሪ አስቀርጫለሁ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የተሠራ ሆኖ ነው ያገኘሁት። የገጠመኝን ችግር ከነምክንያቱ ላውጋችሁ።

ስሙ ተሳስቶ ተቀረጸ

ክፉው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ጥቁሩ ባትሪ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ፋብሪካ ውስጥ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍበት ገላው ላይ ጠንካራ የኦክሳይድ ቆዳ ያበቅላል። አኖዳይዝድ የሚሉት ይህንን ነው። ቀለሙ የተቀመጠው በዚያ ቆዳ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። የሚቀርጸው የሌዘር ማሽን በጨረሩ ቀለሙን ያጠፋዋል፤ ጽሑፉ ነጣ ብሎ የሚታየው ለዚያ ነው። የጠፋ ቀለም ደግሞ አይመለስም። በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው ብትሉ ራቁቱን አሉሚኒየም ታወጡና ነገሩን ታብሱታላችሁ።

የሚያዋጣው መሸፈን ነው። በስህተቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ሐረግ ይቀረጽበት፤ የብራና መጻሕፍት ላይ እንደምናየው ዓይነት። ስሙ በሌላው ጎን እንደ አዲስ ይጻፋል። የአክስቴ ባትሪ እንዲህ ነው የዳነችው። ጠጋ ብሎ ላያት ሰው እሳቱ ሰ ከሐረጉ ሥር አሁንም ብቅ ትላለች፤ ግን እኔና እሷ ካልሆንን ማን ልብ ይላል?

ሁለተኛ እንዳይደገም፣ ሀሌታው ሀ ይሁን ሐመሩ ሐ፣ ጸሎቱ ጸ ይሁን ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አ ይሁን ዐይኑ ዐ፣ ባለቤቱ ራሱ ከጻፈው ላይ አረጋግጡ። መታወቂያ አትመኑ፤ መታወቂያ ላይ ያለው የመዘገበው ሰው ልማድ ሊሆን ይችላል። አክስቴ ዳዊቷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሟን በእስክሪብቶ ጽፋዋለች። ቀድሜ ገልጬ ባየው ኖሮ!

በፊደሉ ፋንታ ሳጥን ወይም ዝባዝንኬ ወጣ

ሳጥን ካያችሁ የቀራጩ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፎንት የለም፣ ወይም የማሽኑ ፕሮግራም የመረጠው ፎንት ግዕዝ አያውቅም። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ከወጣ ደግሞ ጽሑፉ የተተየበው በድሮ ፎንት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያው ፎንት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ስሙ ፍርስርሱ ይወጣል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ስሙን በዩኒኮድ ፎንት ጻፉት፤ ኒያላም ይሁን ኖቶ ይሠራል። ከዚያ ዲዛይን የሚችል ሰው ጽሑፉን ወደ ከርቭ ይቀይርላችሁና በፒዲኤፍ ወይም በኤስቪጂ ይስጣችሁ። አሁን ስሙ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ሆኗል፤ ፎንት አይፈልግም። በቴሌግራም ጽፎ መላክ ብቻውን አይበቃም። ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ ስክሪኑ ላይ ሳታዩት «ይሁን» አትበሉ።

ቤተልሔም ቢተልሔም ሆነች

ይቺ የሳቅ ትመስላለች፣ ግን ደርሶብኛል። ቤ እግሯ ላይ ቀለበት አላት፤ ቢ ደግሞ አጭር ሰረዝ። ፊደሉ 2 ሚሊሜትር ቁመት ሲኖረው የቀለበቷ ውስጥ ይደፈንና ሰረዝ ትመስላለች። ሌ እና ሊ፣ ሴ እና ሲም እንደዚያው ናቸው።

እኔ ከ4 ሚሊሜትር በታች አላስጽፍም። ወፍራምና ቀጭን መስመር የተቀላቀለበትን፣ በብዕር የተጻፈ የሚመስለውን ፎንት እተዋለሁ። ብራና ላይ ያምራል፣ ባትሪ ላይ ቀጭኑ መስመር ይጠፋል። ቦታው ካልበቃ ፊደሉን ሳይሆን ጽሑፉን ቀንሱ። «ለውድና ለተከበሩ አባታችን ከልጆችዎ» ከማለት «ለአባዬ» ይበቃል።

መሐሉ ጥርት ብሎ ዳርና ዳሩ ደበዘዘ

ባትሪ ድቡልቡል ነው፣ ሌዘሩ ደግሞ በአንድ ከፍታ ላይ ነው የሚያነጣጥረው። 14 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ባትሪ ላይ 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጽሑፍ በወርድ ብታስቀርጹ፣ ዳሩ ከመሐሉ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። እዚያ ጨረሩ ይበተናል። ስሙን በቁመት፣ ከጭንቅላቷ ወደ ጭራዋ አስጽፉት። ዙሪያውን ካልሆነ አይሆንም የምትሉ ከሆነ ባትሪዋን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ያለው ሰው ፈልጉ።

ተቀርጾ ምንም አይታይም

መጀመሪያ ቦታውን እዩ። እጅ እንዳያንሸራትት የተፈገፈገው ሻካራው ክፍል ላይ ከሆነ ፊደሉ በሸካራው መሐል ይበተናል። ለስላሳውን ቀለበት ምረጡ፤ ብዙ ጊዜ ከጭንቅላቷ ሥር አለ። ቦታው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። እንጨትና ቆዳ የሚቀርጸው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ጥቁሩን አኖዳይዝድ ላይ ይሠራል፣ ራቁት ብረት ላይ ግን ጨረሩ ነጥሮ ይመለሳል። ለብርማ አይዝጌ ብረት ፋይበር ሌዘር ያስፈልጋል። ስለዚህ ገና ዋጋ ሳትጠይቁ «ማሽንህ ፋይበር ነው?» በሉ።

ፕላስቲክ ባትሪ ከሆነ ባታስቀርጹት እመርጣለሁ። ይቀልጣል፣ ይሸታል፤ ፒቪሲ ከሆነ ደግሞ ለሳንባም ለማሽንም የማይበጅ የአሲድ ጋዝ ያወጣል። በትንሽ ብረት ላይ ስሙን አስቀርጻችሁ ከማንጠልጠያው ገመድ ላይ እሰሩት።

ከተቀረጸ በኋላ አልበራ አለ

አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌዘሩ አይደለም። ለቅርጹ ሲባል ተፈታ፣ ሲገጠም ድንጋዩ ተገለበጠ ወይም ክዳኑ በደንብ አልጠበቀም። አሉሚኒየሟ ባትሪ ላይ ገላዋ ራሱ የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ ነው። ክዳኑ የሚጠብቅበት ጥርስ ላይ አቧራ ወይም ቅባት ካለ መንገዱ ይዘጋል። በጥጥና በአልኮል ጥረጉት፣ ላስቲኩ ቀለበት ቦታው ላይ መሆኑን እዩ፣ እስኪቆም አጥብቁት።

ሌዘሩ ሥር ስትገባ ድንጋዩ ውስጧ መኖር የለበትም። በተለይ ሊቲየም ከሆነ በእሳት መጫወት ነው። ቀራጩ «ምንም አይልም» ቢላችሁም ራሳችሁ አውጡት።

ስጦታው እስከ በዓሉ ድረስ ወር ሁለት ወር የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የሪሞት ድንጋዩን ውስጧ አትተዉት፤ ሊያፈስና ውስጡን ሊበላው ይችላል። ከጎኗ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። አክስቴ ይሄን ስነግራት «ታዲያ እኔ ሌሊት ተነስቼ ድንጋይ ልገጥም ነው?» አለችኝ። ለእሷ ገጥሜ ነው የሰጠኋት።