«አክሴፕት ኦል»ን ከመንካታችሁ በፊት

ድረ ገጽ ስትከፍቱ ግማሽ ስክሪን የሚሸፍን ሳጥን ብቅ ይላል። ስለ ኩኪ ያወራል። ብዙዎቻችን ዜናውን ለማንበብ ስለምንቸኩል ትልቁን፣ በቀለም የደመቀውን «አክሴፕት ኦል» (ሁሉንም ተቀበል) የሚል ቁልፍ ነክተን እናልፋለን። ቁልፉ የደመቀውም ለዚሁ ነው።

ኩኪ ማለት ድረ ገጹ ስልካችሁ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ ነው። በራሱ ክፉ አይደለም፤ አካውንታችሁ እንደተከፈተ የሚቆየው፣ የመረጣችሁት ዕቃ ከቅርጫቱ የማይጠፋው በሱ ነው። ጣጣው ያለው የሦስተኛ ወገን ኩኪ ላይ ነው። ዜና የምታነቡበት ገጽ ላይ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የራሱን ኩኪ ያስቀምጣል፤ ያው ድርጅት ጫማ ባያችሁበት ገጽም፣ ስለ ስኳር በሽታ ባነበባችሁበትም ገጽ ይጠብቃችኋል፣ ከዚያ ሁሉንም ገጣጥሞ ምን እንደምትፈልጉና ምን እንደሚያስጨንቃችሁ ይገምታል። ስማችሁን ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም።

ስለዚህ መጀመሪያ «ሪጀክት ኦል» (ሁሉንም እምቢ) የሚል ፈልጉ። ካለ ንኩትና ወደ ንባባችሁ ግቡ። ከሌለ «ማኔጅ ኦፕሽንስ» ወይም «ሴቲንግስ» የሚል ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ አይጠፋም፣ እሱን ክፈቱ። «ስትሪክትሊ ኔሰሰሪ» የሚለው ገጹ እንዲሠራ የግድ ስለሆነ አይጠፋም፣ ተዉት። ሌላውን አጥፉ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። አንዳንድ ገጾች «ሌጂቲሜት ኢንተረስት» የሚል ሌላ ክፍል አላቸው፤ ፈቃዳችሁን ሳንጠይቅም መረጃውን ለመጠቀም በቂ ምክንያት አለን ማለታቸው ነው፣ እና እዚያ ያሉት ማብሪያዎች ብዙ ጊዜ በርተው ነው የሚጠብቋችሁ። እነሱንም አጥፉ። ስትጨርሱ «ሴቭ» ወይም «ኮንፈርም» የሚለውን ንኩ። አጠገቡ ያለውን ደማቅ «አክሴፕት ኦል» ከነካችሁ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

አውሮፓ የምትኖሩ ደግሞ ሕጉ ከጎናችሁ ነው። ጂዲፒአር የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል አይችልም ብሎ ወስኗል። የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በ2022 መጀመሪያ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ይፋ ሲያደርግ ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ ለመቀበል አንድ ንክኪ ይበቃል፣ እምቢ ለማለት ግን ብዙ ያስኬዳል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁም ፈቃዱን መልሳችሁ መንሳት ትችላላችሁ፤ ገጹ ግርጌ «ኩኪ ሴቲንግስ» የሚል ፈልጉ።

አገር ቤትም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ሳጥኑ ግን አዲስ አበባ ሆናችሁ ስትከፍቱት ላይመጣ ይችላል። አለመምጣቱ ግን አይከታተሏችሁም ማለት አይደለም። ስለዚህ ብራውዘሩን ራሱን ማስተካከል ይሻላል። ክሮም ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ» ገብታችሁ አግዱ። ሳፋሪና ፋየርፎክስ በራሳቸው ይገድባሉ። እስካሁን የተጠራቀመውንም «ክሊር ብራውዚንግ ዳታ» ወይም «ዲሊት ብራውዚንግ ዳታ» ከሚለው አጽዱ፣ ከየአካውንታችሁ ስለሚያስወጣችሁ ግን ፓስወርዳችሁን አስቀድማችሁ ያዙ።

አፕሊኬሽኖች በኩኪ ብቻ አይደለም የሚከታተሉት። አንድሮይድ ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አድስ» ብላችሁ ፈልጉና «ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ»ን ንኩ፤ አይዲው አስተዋዋቂዎች ስልካችሁን የሚለዩበት መለያ ነው። አይፎን ላይ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ትራኪንግ»ን ከፍታችሁ አፖች እናንተን ለመከታተል ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚፈቅደውን ማብሪያ አጥፉት።