«መድኃኒቱ አልተስማማኝም»፦ አለርጂ ነው ወይስ የጎንዮሽ ጉዳት?

«አሞክሳሲሊን አይስማማኝም» ካሉት ሁለት ሰዎች አንዱን ሆዱን አስቀምጦት ይሆናል፤ የሌላው ግን ከንፈሩ አብጦ ትንፋሹ አጥሮ ነበር። ካርዳቸው ላይ ሁለቱም «አለርጂ» ተብሎ ይጻፍላቸዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳት ከመድኃኒቱ ከራሱ አሠራር የሚመጣና አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ሜትሮኒዳዞል አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል፣ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። መጠኑን ማስተካከል ወይም ከምግብ ጋር መውሰድ ብዙ ጊዜ ስለሚረዳ፣ ከማቋረጥዎ በፊት ያዘዘልዎትን ባለሙያ ይጠይቁ።

አለርጂን ለመለየት መጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ። ድንገተኛው አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፦ ቆዳው ሳማ እንደለበለበው ከፍ ከፍ ብሎ ያሳክካል፣ አንዱ ቦታ ጠፍቶ ሌላው ላይ ይወጣል፤ የዓይን ቆብ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ያብጣል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ሲር ሲር ካለ ወይም ሰውየው ሊስት ከሆነ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ብድግ አድርገው አያቁሙት። የሚያድነው ጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው (ለአዋቂ 0.5 ሚ.ግ.)፤ የማሳከክ ማስታገሻ ክኒን አይተካውም።

የዘገየው ከቀናት በኋላ ይመጣል። ቀላል ሽፍታ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የዓይን መቅላት፣ የቆዳ ሕመምና መላጥ ከታከሉበት ለሕይወት ያሰጋል። አንቲባዮቲኩ ኮትሪሞክሳዞልና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ይህን ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው። ሌላ ፍሬ ሳይውጡ ሆስፒታል ይሂዱ።

አንድ የሚያሳስት አለ፦ የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል። ደረቅ ሳሉ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ምላስና ከንፈር ካሳበጠ ግን፣ እውነተኛ አለርጂ ባይሆንም፣ ዳግም አይወሰድም፤ እብጠቱ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ለልብ ሕመም በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወጉ ወጣቶች ነገር በተለይ ያሳስበናል። የመርፌው ቦታ ማመሙ አለርጂ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት መርፌው ቢቋረጥ የልብ ቫልቭ ይበልጥ ይጎዳል። የፔኒሲሊን አለርጂ አለባቸው ከተባሉት ውስጥ ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት ሲመረመሩ መድኃኒቱን መውሰድ የሚችሉ ሆነው ይገኛሉ። ምርመራው ግን በሐኪም ፊት እንጂ ቤት ውስጥ ቀምሶ በማየት አይደለም።

ማሸጊያውን አይጣሉ፣ ሽፍታውን ሳይጠፋ ፎቶ ያንሱት፣ ካርድዎ ላይም እንዲህ ያስጽፉ፦ «አሞክሳሲሊን 500 ሚ.ግ.፤ 2ኛው ፍሬ ከተዋጠ ከ20 ደቂቃ በኋላ፤ የሚያሳክክ ሽፍታና የከንፈር እብጠት፤ አድሬናሊን ተሰጥቷል።»