የዶሮ ልብና ቁርጥራጭ ጥሬውን ለድመት አትስጡ
ዶሮ ስትበልቱ ድመቷ እግር ስር እየተሽከረከረች ስትጮህ ልቡንና ቁርጥራጩን ጥሬውን አትወርውሩላት፣ በአሮጌ ድስት 10 ደቂቃ አንተክትካችሁ ስጧት። ምክንያቱም መሬት ጭሮ ያደገ የሐበሻ ዶሮ ስጋው ውስጥ፣ በተለይ ልቡ ላይ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ ሊኖር ይችላል፣ ድመቷ ጥሬውን በልታ ከያዛት ለ1 ወይ ለ2 ሳምንት በኩሷ ግቢው ላይ ትዘራዋለች፣ ዶሮዎቹ ደግሞ ከዛው አፈር ይለቅማሉ ልጆችም ይጫወቱበታል። ወጡ በደንብ ስለሚበስል አያሰጋም፣ የሚያሰጋው ጥሬውን ስጋ የነካው እጅና መክተፊያ ነው፣ ሎሚና ጨው ላይ አትተማመኑ፣ ሰላጣውን ቀድማችሁ ክተፉ። እርጉዝ ካለች መበለቱን ሌላ ሰው ይስራላት፣ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል በጣም አደራ። ለድመቷ ስትቀቅሉ ግን ከነአጥንቱ አይሁን፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰነጣጥቆ ጉሮሮዋን ሊወጋት ይችላል።