የወይኑ ቀለም ምነው? ብርጭቆውን ከመመለሳችሁ በፊት

መጀመሪያ አምፖሉን ጠርጥሩ። ፒያሳ አንድ ደብዛዛ ቢጫ መብራት ያለው ቤት ቀይ ወይን በብርጭቆ አዘዝኩ፤ ሲመጣ ቡናማ ነው። አስመለስኩት። ሁለተኛውም ያው። ብርጭቆዬን ይዤ በረንዳ ስወጣ ለካ ደም የመሰለ ቀይ ነው! አፍሬ ቲፑን ጨመር አደረግኩ።

ስለዚህ በቀን መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፣ ነጭ ሶፍት ጠረጴዛው ላይ አንጥፉ፣ ሩብ ያህል ብቻ የተቀዳበትን ብርጭቆ ከሶፍቱ በላይ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ አጋድማችሁ ከላይ እዩት። በተለይ ጠርዙን። ዕድሜው እዚያ ነው የሚታየው።

ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል? ቀይ ወይን ሲያረጅ ይሳሳል፤ ነጩ በተቃራኒው ከገለባ ወደ ወርቅ፣ ከዚያ ወደ ማር ቀለም ይጠቁራል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዓመት እዩ። 10 ዓመት የቆየ ከሆነ ደህና ነው። የአምና ሆኖ እንዲህ ከሆነ ግን አየር ገብቶበታል ወይ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው ከርሟል፤ በብርጭቆ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ተከፍቶ ቀናት አልፈውት ይሆናል። አሽትቱት። አቼቶ ወይም ተቆርጦ የዋለ ፖም ከሸተተ መድኃኒት የለውም፣ "አዲስ ይከፈትልኝ" በሉ። ቤት የተረፋችሁን ግን ቡሹን ደፍናችሁ፣ ቀዩንም ጭምር፣ ፍሪጅ ክተቱና በ3 ቀን ጨርሱት።

በጣም ስስ ነው፣ ውሃ ጨምረውበታል? የወይኑን ዝርያ እዩ። ፒኖ ኑዋር የሚባለው ቀይ ዝርያ ስስነቱ ተፈጥሮው ነው፤ ዝዋይ ከሚበቅለው፣ ጠቆር ካለው ሲራህ ጋር አታወዳድሩት።

ደፍርሷል? ጉሽ ጠላ እየጠጣ ያደገ ሰው በዚህ አይደነግጥም። ያረጀ ቀይ ከሆነ ከታች የዘቀጠው ቀለሙና ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው የወይን ቅመም) ተያይዘው የሠሩት አተላ ነው፤ ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ ቀስ ብላችሁ ጆግ ውስጥ ቅዱት፣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ተዉዋት። ሁለመናው ደፍርሶ፣ ለስላሳ ይመስል አረፋ እያወጣ ምላስ የሚቆነጥጥ ከሆነ ግን፣ ጠርሙሱ ላይ "ያልተጣራ" ካላለ በቀር፣ ውስጡ እንደገና መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። መልሱት።

ብርጭቆው ላይ ስለሚወርደው "እንባ" አትጨነቁ፣ አልኮሉን እንጂ ጥራቱን አይናገርም።

ጓደኛዬ አንድ ሙሉ ነጭ ወይን "የብርጭቆ ስባሪ አለበት" ብሎ ሲንክ ውስጥ ደፍቶታል። ስባሪ አልነበረም፣ ታርታር ነው፤ የወይኑ አሲድና ፖታሲየም ፍሪጅ ውስጥ ብርድ ሲመታቸው እንደ ስኳር ይረጋሉ። በማንኪያ ጀርባ ጫን ሲሉት ይደቅቃል። ይጠጣል።