የሥጋ ቤቱ ትንበያ ለምን ሳተ? በኤስኪውኤል ስንተነብይ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የአንድ ሥጋ ቤት የቀን ሽያጭ ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቱ ማወቅ የሚፈልጉት በመጪው ሳምንት በየቀኑ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚያስገቡ ነው። ለዚህ ዳታውን ወደ ሌላ ፕሮግራም ማውጣት የግድ አይደለም፤ እዚያው በኤስኪውኤል፣ ማለትም በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ፣ ይሠራል። ትንበያው ሲስት ግን መጀመሪያ ቀኖቹን ፈትሹ።

የቅዳሜው ትንበያ ከትክክለኛው በጣም ያንሳል

እኔን በጣም ያንገላታኝ ይሄ ነው። ያለፈውን ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ለማምጣት «ላግ» የሚባለውን ፈንክሽን በ7 ተጠቀምኩ። ላግ የሚቆጥረው ግን ረድፍ እንጂ ቀን አይደለም። ሥጋ ቤቱ ረቡዕና ዓርብ ዝግ ስለሆነ በሳምንት ያለው 5 ረድፍ ብቻ ነው። ከቅዳሜ ተነስታችሁ 7 ረድፍ ወደኋላ ብትቆጥሩ የምታገኙት ከ11 ቀን በፊት የነበረውን ማክሰኞ ነው! ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የጻፍነው ጥያቄ) ምንም ስህተት አያሳይም።

መፍትሄው ሙሉ ካላንደር መሥራት ነው። «ጀነሬት ሲሪስ» በሚለው ፈንክሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ አውጡ። ከዚያ የሽያጩን ቴብል በሌፍት ጆይን (ሽያጭ የሌለበትንም ቀን ሳይጥል በሚያገናኘው ትእዛዝ) አያይዙ። አሁን 7 ረድፍ 7 ቀን ሆነ። አደራ፣ ባዶዎቹን ቀኖች በጅምላ 0 አታድርጓቸው። ቤቱ ተዘግቶ የዋለበት ቀን 0 ነው። መብራት ጠፍቶ ሳይመዘገብ የቀረው ቀን ግን ባዶ ይቆይ፤ አለዚያ አማካዩ ያለአግባብ ይወርዳል።

የእሑድ ሽያጭ ቅዳሜ ላይ ይደመራል

ሰርቨሩ የሚሠራው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት ነው፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተሸጠው ሁሉ ባለፈው ቀን ይቆጠራል። ሰዓቱን ወደ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሩት።

በሙከራ ላይ ድንቅ፣ በሥራ ላይ ውድቅ

የ7 ቀን አማካይ ስታሰሉ የዛሬውን ረድፍ አስገብታችሁ ይሆናል። ሞዴሉ፣ ማለትም የትንበያ ስሌቱ፣ መልሱን አይቶ ነው የሚመልሰው። አማካዩ የሚሰላበት የቀኖች መስኮት ትናንት ላይ ይቁም።

በፋሲካ ሰሞን ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል

ያምናውን ተመሳሳይ ቀን በ365 ቀን ልዩነት ማምጣት እዚህ አይሠራም። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ዋለ። የ2017ን ሚያዝያ 15 ከ2016ቱ ጋር ብታወዳድሩ፣ የፍስክን ቀን ከዐቢይ ጾም ጋር ማወዳደራችሁ ነው። ካላንደራችሁ ላይ «ከፋሲካ በፊት ወይም በኋላ ስንት ቀን» የሚል ኮለም ጨምሩ። ለፋሲካ ሰሞን ዓመቱን ከዓመት ጋር በዚያ ኮለም አያይዙት።