ባልዲ ውስጥ የሚሠራ፣ ጣና ላይ የሚከዳ ትራንስዱሰር፦ ችግርና መፍትሄ

ትራንስዱሰር የኤሌክትሪክ ምልክትን ውሃ ውስጥ ወደ ድምፅ፣ ድምፅንም መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። እዚህ የምናየው የውጭ ዲያሜትሩ 26፣ የውስጡ 22 ሚሊሜትር የሆነ የፒዞ ሴራሚክ (ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የሚርገበገብ ሸክላ መሰል ቁስ) ቀለበት ነው። ውስጡ አየር ይዞ ሁለቱ አፎቹ ይዘጋሉ፤ ውጪው በፖሊዩረቴን ይሸፈናል። ሬዞናንሱ (ከሁሉ በላይ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) አየር ላይ 43 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሴራሚኩ ነው፤ እሱ ግን ካልተሰነጠቀ ወይም ሽቦው ሲበየድ ካልተቃጠለ በቀላሉ አይሞትም። ያለቦታው የገባ አየር ፈልጉ፣ ቀጥሎ ውሃ።

ድምፁ ደካማ ነው

ኢምፒዳንሱን (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) በየፍሪኩዌንሲው አየር ላይ፣ ከዚያም ባልዲ ውሃ ውስጥ ለኩ። ጤነኛው ውሃ ሲገባ የሬዞናንሱ ጫፍ ዝቅ ብሎ ይሰፋል። አየር ላይ እንደነበረው ሹል ሆኖ ከቀረ በሽፋኑና በሴራሚኩ መካከል ስስ አየር አለ። አንዱ ምክንያት የጣት ቅባት ነው፤ ሬዚኑ (ደርቆ ሽፋን የሚሆነው ፈሳሽ ፖሊዩረቴን) ከሴራሚኩ የብር ቅብ ላይ ይለቃል። በክረምት ደግሞ እርጥበት ይጨመራል፦ ፖሊዩረቴን ውሃ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈጥሮ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

ሽፋኑን ላጡ። ቀለበቱን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጉና በባዶ እጅ አትንኩት፤ 60 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አድርቁት። የተዋሃደውን ሬዚን አረፋው ተነስቶ እስኪወድቅ ቫክዩም ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ ከአንድ ጎን ብቻ በቀጭኑ አፍስሱ።

የቫክዩም ፓምፑን ግን በከንቱ አትለውጡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ከአካባቢው አየር ጋር የሚያነጻጽር ከሆነ፣ መመሪያው ከዜሮ በታች 95 ቢልም 82 አካባቢ ይቆማል።

ከቀናት በኋላ እየደከመ ሄደ

በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውን ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክለውን ተቃውሞ) በ100 ቮልት ለኩ፤ ስትጨርሱ ሽቦዎቹን አገናኝታችሁ ቻርጁን አውጡ። ከ100 ሜጋኦም በላይ የነበረው ወደ ጥቂት ሜጋኦም ከወረደ ውሃ ገብቷል፤ መንገዱም አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ነው። የፖሊኤቲሊን ልባስ ከሬዚን ጋር አይያያዝም፤ የፖሊዩረቴን ልባስ ያለው ገመድ ምረጡና በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ትንሽ ስንጥቅ ይደብቃል፤ ስለዚህ ፍተሻውን ጨው በሟሟበት ባልዲ አድርጉ።

የማስተካከያው ኮይል ከፍሪኩዌንሲው ወጣ

ኮይሉ የሚመረጠው ከሴራሚኩ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ጋር እንዲስማማ ነው፤ የገመዱ ካፓሲታንስ ግን ተረስቷል። ለ10 ናኖፋራድና ለ40 ኪሎኸርዝ 1.58 ሚሊሄንሪ ይበቃል፤ ገመዱ 2 ናኖፋራድ ሲጨምር ግን ወደ 36.5 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ኮይሉን 1.32 ሚሊሄንሪ አድርጉት።

ቅርብ ላይ ይሰማል፣ ሲርቅ መልእክቱ ይበላሻል

ይህ የትራንስዱሰሩ ጥፋት አይደለም። 8 ሜትር ጥልቀት ባለበት ሁለቱም መሣሪያዎች 4 ሜትር ላይ ሆነው በ100 ሜትር ቢራራቁ፣ ከውሃው ገጽ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ከቀጥተኛው የሚዘገየው 0.2 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማሚቶው መልእክቱ ላይ ይደረባል። ኃይል መጨመር ማሚቶውንም ይጨምራል። ከላይ መከለያ ማድረግም አይረዳም፤ ማሚቶው የሚመጣበት ማዕዘን ከአግድም መስመር ከ5 ዲግሪ በታች ነው። አንድ የ1 ሚሊሰከንድ ምት ልካችሁ ድምፁን ቅዱ፣ የማሚቶው ጭራ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ለኩ፣ በምልክቶች መካከል ከዚያ የረዘመ ክፍተት ስጡ። መልእክቱ የሚተላለፍበት ፍጥነት ይቀንሳል። የሞተር ጀልባ ሲያልፍ የተቀዳውን አትጠቀሙበት።