አሥራት ስናወጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር ላይ አውድማ ሲነሣ በእኛ አገር ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። አንደኛው «ስንት ኩንታል ወጣ?» የሚለው ነው፤ ይህ ጮክ ተብሎ ይጠየቃል። ሁለተኛው ሰው ከተበተነ በኋላ ባልና ሚስት በዝግታ የሚነጋገሩበት ነው፦ «አሥራቱስ?»

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የገጠር ደብር የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ አራት ዓመት አገልግያለሁ። እህል ሰፍሬ ተረክቤአለሁ፣ ደረሰኝ ጽፌአለሁ፣ ከሰጪም ከተቀባይም ጋር ተጨቃጭቄአለሁ። በእነዚያ ዓመታት «ለመሆኑ ዛሬ ክርስቲያን አሥራት ማውጣት አለበት ወይስ የለበትም?» ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ሲጠይቁ ዓይናቸው ጎተራቸው ላይ እንደ ነበር አልደብቅም። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ አሥራቱን የሚበላው ማን ነው? ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመጠየቅ የመጡ ናቸው።

የግብሩን አሥራት ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ማምታታት

ወንድ አያቴ «አሥራት» የሚለው ቃል ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ልጅ ሆኜ ነገሩ የሃይማኖት ጉድለት ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም። እሳቸው የሚያውቁት አሥራት ግብር ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ ከሚበላ ከምርቱ አንድ አሥረኛው ለመንግሥት ይግባ ተባለ፤ ስሙም አሥራት ሆነ። ይህ ግብር እስከ 1960 ቆየ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሊተካው ሲመጣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ተነሣ። ሞጣ፣ ብቸናና ደጋ ዳሞት ሸፈቱ፣ ጦር ዘመተ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ይህን ያየ ትውልድ አሥራት ሲባል ጭቃ ሹሙን እንጂ አብርሃም አሥራት የሰጠውን መልከ ጼዴቅን ባያስታውስ አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን የምትተዳደርበት የራሷ መሬት ነበራት። ካህኑ የሰሞን መሬት ይዞ፣ አርሶ ወይም አሳርሶ ይቀድስ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ያ ሁሉ በአንድ ቀን ቀረ። ደግነቱ ምእመናን ደብራቸውን የሚረዱበት የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ በ1965 ወጥቶ ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ መሆናቸውን የአገሬ ሰው ሳይጠየቅም ይናገራል፤ እኔም ተናገርኩ። እንግዲህ «አያቶቻችን ሳይሰጡ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች» የሚል ሰው ያ መሬት ዛሬ የት እንዳለ ይንገረኝ። «ለመንግሥት ግብር ከፍያለሁ፣ አሥራቴ እሱ ነው» የሚለውም ስሙን ከስሙ ነው ያምታታው።

አንዲት ጥቅስ መዝዞ መሟገት

አንዱ ወገን «አሥራት የኦሪት ነው፣ ከመሥዋዕቱ ጋር አብሮ ቀርቷል» ይላል። ሌላው «አብርሃም ከሙሴ በፊት ሰጥቷል፣ ስለዚህ ለሁሉም ዘመን ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ መንገድ ሄደው ይቀመጣሉ።

አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ የሰጠው ከጦርነት ከመለሰው ምርኮ ነው። በየዓመቱ ይሰጥ ነበር የሚል ቃል ዘፍጥረት 14 ውስጥ የለም። ከቀረውም የጫማ ማሰሪያ እንኳ ለራሱ አልወሰደም። በአብርሃም የሚሟገት ሰው እሱ ራሱ ዘጠኙን እጅ ይዞ መሄዱን ትንሽ ሊያስብበት ይገባል። የሙሴ ሕግ ደግሞ ተቀባዩን በስም ይጠራል፦ ርስት ያልተካፈለው ሌዋዊ። ዛሬ በእኛ መካከል የሌዊ ነገድ የለም፣ መቅደሱም የለም። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ወገን ለሚያምኑት ሥርዓት ሲያወጡ (የሐዋርያት ሥራ 15) አሥራትን አላነሡም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍም እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን አለ እንጂ ከአሥር አንድ ብሎ አልቆረጠም።

ታዲያ ቀረ ማለት ነው? ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጸው ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት ስላወጡ ሳይሆን ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለ ተዉ ነው፤ ያንንም ሳትተዉ አላቸው። የሥርዓት መጽሐፋችን ዲድስቅልያም በኩራቱና አሥራቱ ወደ ኤጲስ ቆጶሱ መጥቶ ለሙት ልጅና ለመበለት እንዲከፋፈል ያዛል። ቤተ ክርስቲያን አሥራት በኩራትን እስከ ዛሬ የምታስተምረው ከዚህ ተነሥታ ነው። በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ አጥብቀው የሚያስተምሩም፣ ሕግ አይደለም የሚሉም አሉ። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ፣ አሥራት ለክርስቲያን የተቆረጠ ዕዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለት ሳንቲሟን የሰጠችው መበለት ያላትን ሁሉ በሰጠችበት ወንጌል ውስጥ ቆሞ «እኔ በጸጋ ነኝ» እያለ ከአሥረኛው በታች የሚወርድ ባለ ጸጋ ጸጋን አላወቀውም።

አሥራትን እንደ እቁብ መቁጠር

ሚልክያስ 3 ብዙ ተሠቃይቷል። «የሰማይን መስኮት ባልከፍትላችሁ ፈትኑኝ» የሚለውን ቃል ይዞ «አንድ ሺህ ስጡ፣ አሥር ሺህ ይመለስላችኋል» የሚል ሰባኪ በከተማም በገጠርም አይጠፋም። ይህ የእቁብ ዕጣ እንጂ አሥራት አይደለም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ጥቂት ከፍ ብላችሁ አንብቡ፦ እግዚአብሔር የሚፈርድባቸው የሞያተኛውን ደመወዝ የሚከለክሉትን፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን የሚያስጨንቁትን ነው። በነህምያ 13 እንደምናየው አሥራቱ ሲቀር ሌዋውያኑ ቤተ መቅደሱን ትተው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበር። ነቢዩ የሚጮኸው ጎተራው ባዶ ሆኖ የሚበሉ ሰዎች ስለ ተራቡ ነው። የአጫጁን የቀን ሒሳብ ሳይከፍል አሥራት ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሚልክያስን ጠርቶ በራሱ ላይ ያስመሰክራል።

የራስ ካልሆነው አሥራት ማውጣት

ይህን ስህተት በዓይኔ ስላየሁት ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ። አንድ ወጣት ገበሬ፣ ጎጆ ከወጣ ሁለት ዓመቱ፣ የአንዲት አሮጊት መሬት በእኩል ያርስ ነበር። ስንዴው 12 ኩንታል ወጣ። ግማሹ፣ 6 ኩንታሉ፣ የባለ መሬቷ ነው። ከቀረው ላይ ለማዳበሪያ ዕዳ 2 ኩንታል ሸጠ። ቤቱ የገባው 4 ኩንታል ነው። እሱ ግን ስብከት ሰምቶ ደንግጦ ነበርና ከ12ቱ አስልቶ 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ በአህያ ጭኖ አመጣልን። መዝግበን፣ መርቀን ተቀበልነው። ነሐሴ ላይ ሚስቱ ባዶ ቁና በነጠላዋ ሸፍና ከጎረቤት ስትበደር አየኋት። ደረሰኙን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ኦሪት ስለ ወጪ ቀሪ አትናገርም። ሆኖም አሥራት የሚወጣው ከራስ ምርት ነው፤ የአሮጊቷ ስድስት ኩንታል የአሮጊቷ ነው፣ አሥራቱም የእሷ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ልጁ ከ6ቱ ቢያሰላ 60 ኪሎ፣ ዕዳውን ቀንሶ ከ4ቱ ቢያሰላ 40 ኪሎ ይሆን ነበር። የትኛው ይሻላል? የንስሐ አባቶች በዚህ ላይ አንድ ቃል የላቸውም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን 40ውን እሰጥ ነበር፤ በዚያ የሚከሰኝ ካለ ይምጣ። በዘሌዋውያን 27 ከመንጋው የሚቀደሰው ከበትር በታች የሚያልፈው አሥረኛው ነው። ዘጠኝ በግ ብቻ ያለው ሰው አሥረኛ አያልፍለትም።

ደመወዝተኛስ? ሕጉ የሚናገረው ስለ እህል፣ ስለ ፍሬና ስለ መንጋ ነው። ከደመወዝ ማውጣት በኋላ የመጣ ልማድ ነው፣ መልካም ልማድም ነው። የመምህሩን የወር ገቢ በግድ ለማወቅ መሞከር ግን የሰበካ ጉባኤ ሥራ አይደለም።

የተረፈውን መስጠት

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። እንክርዳድ የበዛበት፣ የነቀዘ፣ ከአውድማው ዳር አፈር ጋር የተጠረገ እህል «ለቤተ እግዚአብሔር» ተብሎ መጥቶልን ያውቃል። የገብርኤልን ድግስ ሲደግስ ማኛ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው ለአሥራት ሲሆን ዓይኑ ለምን እንደሚፈዝ አላውቅም። በትሩ ሥር ያለፈው መልካምም ይሁን ክፉ አይለወጥም ነው የሚለው ሕጉ፤ ለይቶ መጥፎውን ማውጣት የለም።

ሁሉን በአንድ ቁና መስፈር

አሥራት ከምርት የሚወጣ ነው፣ በኩራት የመጀመሪያው ፍሬ ነው፣ ስለት በአፍህ የተሳልከው ነው፣ የሰበካ ጉባኤ ክፍያ የአባልነት መዋጮ ነው። ለጊዮርጊስ የተሳለውን ወይፈን አስገብቶ «የዘንድሮ አሥራቴ ነው» ያለን ሰው ነበር። ስለት ዕዳ ነው፤ ዕዳን ከፍሎ አሥራት ሰጠሁ ማለት አይቻልም።

የተቀባዮች ስህተት

እስከ አሁን በሰጪ ላይ ነበርኩ። እኛ ተቀባዮቹ ደግሞ ብሰን እንገኛለን። ባገለገልኩበት ደብር አንድ ዓመት አሥራቱ ሁሉ ለጣሪያ ቆርቆሮ ዋለ። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ አገልጋዮቹ ግን በዚያው ዓመት የቀን ሥራ ፍለጋ ወርደው ሰዓታት የሚቆም ጠፍቶ ነበር። የነህምያን ታሪክ በራሳችን ደብር ደገምነው። ጉባኤው ላይ ተናግሬ ነበር፣ ብቻዬን ቀረሁ።

ዘዳግም 14ን የሚያነብ ሰው ሊደነቅ ይችላል፦ አሥራት በእግዚአብሔር ፊት ቤተሰብ ሆኖ፣ ደስ ብሎ የሚበላ ነው። በየሦስተኛው ዓመት ደግሞ በከተማው በር ውስጥ ይቀመጥና ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው ይጠግባሉ። ዘኍልቍ 18 ላይ ደግሞ ሌዋዊው ራሱ ከተቀበለው አሥራት አሥራት አውጥቶ ለካህኑ ለአሮን ይሰጣል። ተቀባዩም ሰጪ ነው ማለት ነው። በየደብራችን ለነዳያን ተብሎ ተለይቶ የሚመዘገብ መደብ ስንት ቦታ አለ?

ደረሰኝ ሲጠየቅ መቆጣትም የእኛው በሽታ ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይመጣ ሌሎች ሰዎችን አብሮ ላከ። «ካህን አይመረመርም» የሚለው አነጋገር ለእሱ አልተነገረውም።

ደጃፍ የቆመውን አልፎ መሄድ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ከዋሸራ ጀምሮ በየጉባኤ ቤቱ የሚማሩት ልጆች ደመወዝ የላቸውም። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ። ርስት ያልተካፈለውን ሌዋዊ በአገራችን ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀረበ መልክ አላውቅም። አሥራቱን ጭኖ ወደ ደብር ሲሄድ በር ላይ የቆመውን ተማሪ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሚሸኝ ገበሬ ግን አይቻለሁ። እናቱ በሌላ ሰው ቤት ተጠግታ የምትኖር ሰውም ከሰጪዎቻችን መካከል ነበር፤ ጌታ ቁርባንን ሰበብ አድርገው አባትና እናታቸውን የሚክዱትን እንዴት እንደ ገሠጸ ማርቆስ 7 ላይ ይገኛል።

እናቴ ማንበብ አትችልም። አባቴ አሥራቱን ከሰፈረ በኋላ እሷ ከተረፈው ላይ አንድ ቁና ገብስ ለይታ በሩ ጥግ ታስቀምጣለች። ቆልታም ትጠብቃለች። ተማሪው ሲመጣ እፍኝ ትሰጠዋለች፣ ሁለተኛው ሲመጣም ለእሱ። አንድ ጊዜ፣ ጸሐፊነቴ ገና ትኩስ ሳለ፣ «እማዬ፣ ይህስ በአሥራቱ ላይ ይታሰብልሽ?» አልኳት።

«ልጁ ቆሞ እኮ ነው» አለችኝ፤ እጇም ቁናው ውስጥ ነበር።